በአሳይታ ማሳ ላይ የሚቃጠለው ሀብት፤ የእርሻ ተረፈ ምርት ወደ ነዳጅ ስለሚለወጥበት መንገድ

ከጅቡቲ ወደብ ነዳጅ የጫኑ ቦቴዎች በጋላፊ በኩል ገብተው ሠርዶን፣ ሰመራን፣ ሎግያንና ሚሌን እያቋረጡ ወደ መሐል አገር ሲጓዙ ሌትም ቀንም ዕረፍት የላቸውም። የሚጭኑት ቤንዚንና ናፍጣ ሁሉ በውጭ ምንዛሪ የተገዛ ነው። ከዚሁ አውራ ጎዳና ወደ ደቡብ ምሥራቅ ታጥፎ ወደ አሳይታ የሚዘልቅ መንገደኛ ደግሞ የጥጥ ለቀማ ካለቀ በኋላ ባሉት ወራት ከደረሰ ሌላ ነገር ያያል፤ ይኸውም የጥጡ ግንድ ከነሥሩ ተነቅሎ በየማሳው ዳር ከተከመረ በኋላ በእሳት ሲጋይ ነው። ግንዱ የሚቃጠለው ያለ ምክንያት አይደለም። ማሳው ላይ ቢቀር ለመጪው ዓመት ጥጥ ጠላት የሆኑትን ትሎችና ነፍሳት ስለሚያሳድር፣ ነቅሎ ማቃጠል የቆየ የጥጥ ገበሬ ልማድ ነው።

እንግዲህ በአንደኛው መንገድ ነዳጅ በዶላር ይገባል፤ በሁለተኛው ስፍራ ለነዳጅነት የሚበቃ እንጨት ያለ ዋጋ ዐመድ ይሆናል። ንግድ የለመደ ዐይን እነዚህን ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ሲያይ፣ ይህ የሚቃጠለው ያንን የሚገዛውን ሊተካ አይችልምን ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን «ይችላል» ወይም «አይችልም» ተብሎ በአንድ ቃል የሚያልቅ አይደለም። ከእንጨትና ከአገዳ ኢታኖል የሚባለውን የነዳጅ አልኮል ማውጣት እንደሚቻል ከታወቀ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል። በንግድ ረገድ ግን በዚህ ሥራ ብዙ ገንዘብ ያፈሰሱ ታላላቅ የውጭ ኩባንያዎች ሳይቀሩ ከመክሰር አልዳኑም። ካሰናከሏቸው ምክንያቶች ዋነኛው ግንዱ ወደ መጥመቂያው ጋን ከመግባቱ በፊት የሚደረግለት ቅድመ ዝግጅት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ቅድመ ዝግጅት ምን እንደሆነ፣ ምን ያህል ወጪ እንደሚጠይቅና የአዋሽ ሸለቆ ነጋዴ ገንዘቡን በየትኛው ደረጃ ላይ ቢያውል እንደሚጠቀም ለክቡራን አንባቢዎቻችን ማስረዳት ነው።

ስለ አገሩና ስለ ማሳው

አሳይታ የአውሳ ሡልጣኔት መቀመጫ ሆና የኖረች፣ በኋላም ሰመራ እስክትተካት ድረስ የአፋር ክልል ዋና ከተማ የነበረች ናት። የአዋሽ ወንዝ ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ የሚያልቅ ስለሆነ፣ ከደጋው አጥቦ ያመጣውን ደለል የሚያራግፈው በዚሁ በታችኛው ሸለቆ ነው። መሬቱ ለጥጥ ምቹ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን በ1954 ዓ. ም. ከተቋቋመ ወዲህ ሸለቆው ለሰፊ እርሻ ተከፈተ። በዚያው ዘመን ሚቸል ኮትስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር በአክሲዮን ያቋቋመው የተንዳሆ እርሻ በዱብቲና በአካባቢው ሰፊ የጥጥ ማሳ አለማ። የአውሳው ሡልጣን አሊ ሚራህ ሐንፈሬና የአገሩ ሰዎችም በአሳይታ ዙሪያ በራሳቸው ጥጥ ማልማት ያዙ። በ1967 ዓ. ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሀብት ሲሆን ትልልቆቹ እርሻዎች ወደ መንግሥት ተላለፉ። ከብዙ ዓመት በኋላ ደግሞ ከጥጡ መሬት ከፍ ያለው ክፍል ለሸንኮራ አገዳ ተመደበ፤ በሕንድ መንግሥት ብድር የተሠራው የተንዳሆ ስኳር ፋብሪካም በ2007 ዓ. ም. የሙከራ ምርት ጀመረ። ይሁን እንጂ ፋብሪካው በታቀደለት ልክ ሳይሠራ ዓመታት አለፉ። በ2012 ዓ. ም. ክረምት የደረሰው የአዋሽ ሙላትም በአሳይታና በዱብቲ ማሳና መንደር ሳይለይ አጥለቀለቀ።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው፣ በአካባቢው ሦስት ዐይነት ተረፈ ምርት መኖሩን ነው። አንደኛው የጥጥ ግንድ ነው። ከአንድ ሄክታር ማሳ እንደ አዝመራው ሁኔታ ከ2 እስከ 3 ቶን ደረቅ ግንድ ይገኛል። ሁለተኛው አገዳ ተጨምቆ ጭማቂው ከወጣ በኋላ የሚቀረው ባጋስ ነው። ሦስተኛው ማሳውንና ግጦሹን እየወረሰ ያለው ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ የተባለው እሾሃም ዛፍ ነው። ይህ ዛፍ እ. ኤ. አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ለነፋስ መከላከያና ለጥላ ተብሎ በአዋሽ ሸለቆ የተተከለ ሲሆን፣ አፋሮች የመጣበትን ዘመን አስታውሰው ደርጊ ሃራ፣ ማለት የደርግ ዛፍ ይሉታል። ዛሬ በክልሉ ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት መያዙን የመሬት ጥናቶች ያመለክታሉ።

ከሦስቱ ውስጥ ባለቤት ያለው ባጋሱ ብቻ ነው። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ. ም. ሥራ ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ስኳር ፋብሪካዎቻችን ባጋሱን በቦይለር እያነደዱ እንፋሎት ያወጡበታል። ስለዚህ ባጋስን ለሌላ ሥራ እገዛለሁ የሚል ነጋዴ በቅድሚያ ፋብሪካው ለቦይለሩ በምን ይተካዋል ብሎ ማሰብ ይገባዋል። የጥጥ ግንድና ፕሮሶፒስ ግን የሚነሣላቸው ካገኙ ባለርስቱ የሚደሰትባቸው ነገሮች ናቸው።

ኢታኖል ለአገራችን እንግዳ አይደለም

በፊንጫና በመተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች ከሞላሰስ ኢታኖል ሲወጣ ቆይቷል። የፊንጫው ፋብሪካ ሲጀመር በዓመት 8 ሚሊዮን ሊትር፣ የመተሐራው ደግሞ 12.5 ሚሊዮን ሊትር የማምረት አቅም ነበራቸው። መንግሥት እ. ኤ. አ. በ2007 የባዮ ነዳጅ ልማት ስትራቴጂ ካወጣ በኋላ፣ በ2001 ዓ. ም. በአዲስ አበባ ለሚሸጠው ቤንዚን 5 በመቶ ኢታኖል መደባለቅ ተጀመረ፤ በ2003 ዓ. ም. ድርሻው ወደ 10 በመቶ ከፍ አለ።

ይህ ልምድ ለነጋዴ ሁለት ትምህርት ይሰጣል። አንደኛ፣ ኢታኖልን ከቤንዚን ጋር ማደባለቅ፣ ማጓጓዝና በማደያ መሸጥ በአገራችን የተሠራበት ነገር ነው። ሁለተኛ፣ የሞላሰስ መጠን የስኳሩን መጠን ስለሚከተል፣ አገዳ በጎደለ ጊዜ ሞላሰስ ይጎድላል፤ ሞላሰስ ሲጎድልም ኢታኖሉ ይቀራል። ከሞላሰስ ውጭ የሆነ ጥሬ ዕቃ መፈለግ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው። የእርሻ ተረፈ ምርትም ስሙ የሚነሣው በዚህ ላይ ነው።

ግንዱ ስለምን በቀላሉ አይፈላም?

ነገሩን ከቤታችን ሙያ ተነሥተን ብንመለከተው ይቀላል። ጠጅ የምትጥል ባለሙያ ማሩን በውኃ በጥብጣ ጌሾ ትጨምርበታለች፤ የማሩ ስኳር አስቀድሞ የተዘጋጀ ስለሆነ እርሾው ወዲያው ይሠራበታል። ሞላሰስም እንዲሁ ነው። ጠላ የምትጠምቀው ግን ብቅል ያስፈልጋታል፤ ምክንያቱም በእህሉ ውስጥ ያለው ስታርች ወደ ስኳር የሚለወጠው በብቅሉ ውስጥ ባለው ኢንዛይም ነው። የጥጥ ግንድ ከሁለቱም የጠነከረ ነው። ብቅል ቢደባለቅበትና ዓመት ሙሉ በጋን ውስጥ ቢቀመጥ እንኳ አይፈላም።

የዚህም ምክንያት በግንዱ አሠራር ውስጥ ይገኛል። ማናቸውም እንጨትና አገዳ እንደ ጭቃ ቤት ግድግዳ የተሠራ ነው ብንል አንሳሳትም። የግድግዳው ቋሚ እንጨት ሴሉሎስ የሚባለው ክፍል ሲሆን፣ እርሱ የታሰረ ስኳር ነው። ቋሚውን እንደ ማገርና እንደ ልጥ ጠፍሮ የያዘው ደግሞ ሄሚሴሉሎስ ይባላል፤ ይህም ሌላ ዐይነት ስኳር ነው። ሁለቱን ሸፍኖ እንደ ደረቀ ጭቃ ያጠነከራቸው ሊግኒን ሲሆን፣ ከእርሱ ስኳር አይገኝም። በጥጥ ግንድ ውስጥ ሴሉሎሱ ከመቶው ከ35 እስከ 45 እጅ፣ ሊግኒኑ ደግሞ ከ20 እስከ 30 እጅ ይሆናል። ኢንዛይም ሴሉሎሱን ወደ ስኳር ለመለወጥ ይችላል፤ ነገር ግን ጭቃው ሳይፈርስና ማገሩ ሳይፈታ ቋሚው ዘንድ አይደርስም።

ቅድመ ዝግጅት የሚባለው እንግዲህ ግድግዳውን ማፍረስ ነው። ያልተዘጋጀ ግንድ ላይ ኢንዛይም ቢጨመር ከሴሉሎሱ ከአምስት እጅ አንዱን እንኳ ወደ ስኳር መለወጡ ያጠራጥራል። በሚገባ ከተዘጋጀ ግን ከመቶው ከ80 እጅ በላይ ሊለወጥ ይችላል። ትርፍና ኪሳራ የሚለዩት በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ነው።

የዝግጅቱ ዐይነቶች

የመጀመሪያው ማጽዳትና መከትከት ነው። ይህ ሥራ ተራ መስሎ ስለሚታይ ብዙዎች ይንቁታል፤ ጉዳቱ ግን ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ከነሥሩ የተነቀለ ግንድ የአዋሽን ደለል ይዞ ይመጣል። ደለሉ የመከትከቻውን ስለትና የመጭመቂያውን ብሎን ይበላል። የግንዱ ልጥና የቀረበት ጥጥ ደግሞ በሚዞረው ዘንግ ላይ እየተጠመጠመ ማሽኑን ያስቆማል። ስለዚህ ግንዱ ተነቅሎ፣ አፈሩ ተራግፎ፣ በአሳይታ ፀሐይ ደርቆ ሊከተከት ይገባል። በዚህ ረገድ የአሳይታ ሙቀት ባለውለታ ነው፤ በሌላ አገር በማገዶ የሚደረገውን ማድረቅ እርሱ በነፃ ይሠራዋል።

ሁለተኛው የአሲድ ዘዴ ነው። የተከተከተው እንጨት በመቶ አንድ ያህል ሰልፈሪክ አሲድ ባለበት ውኃ ተነክሮ ከ140 እስከ 190 ዲግሪ ባለ ሙቀት ለጥቂት ደቂቃዎች ይቀቀላል። በዚህ ጊዜ ሄሚሴሉሎሱ ይሟሟል፤ ማገሩ ተፈታ ማለት ነው። ዘዴው ፈጣን ቢሆንም አሲዱ ተራውን ብረት ስለሚበላ ውድ የሆነ የማይዝግ ብረት ጋን ይጠይቃል። ሙቀቱ ወይም ጊዜው ካለፈ ደግሞ የወጣው ስኳር ራሱ ይቃጠልና ፉርፉራል ወደሚባል ነገር ይለወጣል፤ ይህም እርሾውን የሚጎዳ መርዝ ነው። አሲዱን ለማርከስ ኖራ ሲጨመር የጄሶ ዝቃጭ ስለሚተርፍ የሚጣልበትም ስፍራ መታሰብ አለበት።

ሦስተኛው በእንፋሎት ማፈንዳት ይባላል። እንጨቱ በተዘጋ ጋን ውስጥ ከ160 እስከ 240 ዲግሪ በሚደርስ እንፋሎት ለጥቂት ደቂቃ ታፍኖ ከቆየ በኋላ ቫልቩ በድንገት ይከፈታል። በእንጨቱ ውስጥ የገባው እንፋሎት በአንድ ጊዜ ሲተነፍስ ጭረቱን ከውስጥ ይበታትነዋል። ኬሚካል ብዙ አይፈልግም፤ ነገር ግን ከፍተኛ ግፊት የሚችል ጋንና የሠለጠነ ሠራተኛ ይፈልጋል።

አራተኛው በኖራ ወይም በኮስቲክ ሶዳ ማዘጋጀት ነው። ይህ ዘዴ በተለይ ሊግኒኑን፣ ማለትም ጭቃውን ያላቅቃል። ኮስቲክ ሶዳ ፈጣን ነው፤ ዋጋው ግን ውድ ነው። ኖራ ዘገምተኛ ነው፤ ነገር ግን ርካሽ ነው። የተከተከተ እንጨት ከኖራና ከውኃ ጋር ተደባልቆ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ በሚሆን ሙቀት፣ አየር እየተነፋበት ለብዙ ሳምንታት ቢከመር ያለ ከፍተኛ ግፊት ሊዘጋጅ እንደሚችል በምርምር ታይቷል። ሙቀት ለማይቸግረው ለታችኛው አዋሽ ከሁሉ ይልቅ ይህ ዘዴ ሊመረመር የሚገባው ይመስለናል።

አምስተኛው እንጨት የሚያበሰብሱ ሻጋታዎችን በመጠቀም የሚደረገው ነው። ወጪው ትንሽ ሲሆን ጊዜው ረዥም፣ ሻጋታው የሚበላው ስኳርም ቀላል ያልሆነ ስለሆነ እስከ ዛሬ ከቤተ ሙከራ ብዙ አልራቀም።

ከቅድመ ዝግጅቱ በኋላ ያለው ሥራ የታወቀ ነው። ኢንዛይም ተጨምሮ በ50 ዲግሪ አካባቢ ሴሉሎሱ ወደ ስኳር ይለወጣል፤ ስኳሩ በእርሾ ይፈላል፤ ከዚያም አልኮሉ እንደ አረቄ በማውጫ ይለያል። የተረፈው ሊግኒን ደርቆ ለቦይለሩ ማገዶ ይሆናል።

በሌላው ዓለም የታየው

ሄንሪ ብራኮኖ የተባለው ፈረንሳዊ ኬሚስት አሮጌ የበፍታ ጨርቅ በሰልፈሪክ አሲድ አሟሙቶ ስኳር ያወጣው እ. ኤ. አ. በ1819 ነበር። ዊልያም ሜሰን የተባለው አሜሪካዊም እ. ኤ. አ. በ1920ዎቹ የመጋዝ ቤት ተረፍ እንጨትን በእንፋሎት አፈንድቶ ሜሶናይት የተባለውን ጠፍጣፋ እንጨት ሠራ። በጦርነት ዘመን ነዳጅ ሲቸግር በአሜሪካና በጀርመን ከእንጨት አልኮል ተመርቷል። ጦርነቱ አልቆ ርካሽ ቤንዚን ሲመለስ ግን ፋብሪካዎቹ ተዘግተዋል።

በእኛም ዘመን ይኸው ነገር ተደግሟል። በኢጣሊያ ክረሸንቲኖ እ. ኤ. አ. በ2013 የተከፈተው ፋብሪካ እ. ኤ. አ. በ2017 ቆመ። ዱፖንት በአሜሪካ አዮዋ እ. ኤ. አ. በ2015 የከፈተው፣ በዓመት 30 ሚሊዮን ጋሎን ያወጣል የተባለለት የበቆሎ አገዳ ኢታኖል ፋብሪካ በሁለት ዓመት ውስጥ ሥራ አቋረጠ። ክላሪያንት የተባለው የስዊስ ኩባንያ በሩማንያ የሠራው ደግሞ እ. ኤ. አ. በ2023 መጨረሻ ተዘጋ። ሥራውን ያልተወው በብራዚል ራይዘን የተባለው ኩባንያ ነው። የእርሱም ጥቅም ባጋሱ አስቀድሞ ከስኳር ፋብሪካው ግቢ ታጥቦና ተከትክቶ ተከምሮ መገኘቱ ነው፤ ከየማሳው ግንድ ለመልቀም መኪና አይልክም።

ለዱፖንትና ለመሰሎቹ መሰናከል የገበያና የሕግ ምክንያቶችም ነበሩ። ነገር ግን ከማሳ የሚመጣውን አፈር የበዛበትን አገዳ ሳያቋርጡ ወደ ማሽኑ ማስገባትና ማዘጋጀት የዚህ ኢንዱስትሪ የጋራ ሕመም እንደነበር በሰፊው ተመስክሯል። በአዮዋ ሜዳ ያስቸገረ አፈር በዱብቲ ደለል ላይ አይጠፋም።

ሒሳቡ

አሁን ወደ ቁጥር እንምጣ። አንድ ቶን ደረቅ የጥጥ ግንድ 380 ኪሎ ግራም ያህል ሴሉሎስ ቢኖረው፣ ሁሉም ወደ ስኳር፣ ስኳሩም ሁሉ ወደ አልኮል ቢለወጥ 270 ሊትር ያህል ኢታኖል በወጣ ነበር። በሥራ ላይ ግን ይህ ሙሉ ልክ አይገኝም፤ ከሴሉሎሱ ብቻ 150 ሊትር ያገኘ ሰው ደህና ሠርቷል ይባላል። አንድ ሊትር ኢታኖል ያለው ኃይል የአንድ ሊትር ቤንዚን ሁለት ሦስተኛ ያህል ስለሆነ፣ 150 ሊትሩ 100 ሊትር ቤንዚን ይተካል ማለት ነው።

ቀጥሎ ስለ ጭነቱ ነው። ያልተጨመቀ ግንድ ቦታ ይይዛል እንጂ አይመዝንም። አንድ ሜትር ኩብ ከ100 ኪሎ ግራም አይበልጥም፤ ስለዚህ 40 ሜትር ኩብ የሚይዝ የጭነት መኪና ሞልቶ የሚወስደው 4 ቶን ብቻ ነው። ከ4 ቶን 400 ሊትር ቤንዚን የሚተካ ኢታኖል ቢገኝ፣ 40,000 ሊትር ለጫነ አንድ ቦቴ ምትክ ለማግኘት 100 መኪና ግንድ ማጓጓዝ ያስፈልጋል። እነዚያ 100 መኪናዎች ደግሞ ራሳቸው ናፍጣ ይጠጣሉ። ከዚህ የተነሣ ግንዱ ከሩቅ የሚመጣ ከሆነ ሥራው ገና ሳይጀመር ይከስራል።

አሁን ደግሞ ይኸው አንድ ቶን ግንድ አልኮል መሆኑ ቀርቶ እንዲያው በምድጃ ቢነድ ምን እንደሚሰጥ እንይ። ደረቅ ከሆነ በፋብሪካ ምድጃ ውስጥ 400 ኪሎ ግራም ያህል ፈርናስ ኦይል ያለውን ሙቀት ይዟል፤ ከ600 ኪሎ ግራም በላይ ደህና የድንጋይ ከሰልም ይተካል። እንግዲህ የሚፈለገው ሙቀት ከሆነ ግንዱን ማንደዱ፣ ኢታኖል ከማድረግ በአራትና በአምስት እጥፍ የሚበልጥ ነዳጅ ያድናል። ይህ ቁጥር ማሽን ሊሸጥ የሚመጣ ወኪል አስቀድሞ የማይናገረው ስለሆነ፣ አንባቢዎቻችን በማስታወሻቸው ቢጽፉት መልካም ነው።

በአገር ውስጥ ያለውና የሌለው

ለቅድመ ዝግጅቱ ከሚያስፈልጉት ዕቃዎች አንዳንዶቹ በአገራችን የሚሠሩ ናቸው። በዚሁ በአዋሽ ወንዝ ላይኛው ክፍል፣ በአዋሽ መልካሳ፣ የሰልፈሪክ አሲድ ፋብሪካ ተቋቁሟል። ከአቢጃታ ሐይቅ በሚወጣው ሶዳ አመድ ላይ ተመሥርቶም በዝዋይ የኮስቲክ ሶዳ ፋብሪካ ተተክሏል። ኖራም በአገር ውስጥ ይቃጠላል። ከውጭ የሚመጣው ዋነኛ ዕቃ ኢንዛይም ነው። ይህ ደግሞ ሙቀት የሚያበላሸው ስለሆነ፣ በበጋ ከ40 ዲግሪ በላይ በሚሞቅ አገር ከወደብ እስከ ፋብሪካ በቀዝቃዛ ማጓጓዝና ማስቀመጥን ይጠይቃል።

እርሾም እንደዚሁ ሙቀት አይወድም፤ ከ35 ዲግሪ በላይ ሲሆን ይደክማል። ስለዚህ ግንዱን በነፃ ያደረቀው የአሳይታ ፀሐይ በመጥመቂያው ጋን ላይ ጠላት ይሆናል። ጋኑን ለማቀዝቀዝ ብዙ ውኃ ያስፈልጋል፤ የአዋሽ ውኃ ግን ለማሳው፣ ለከብቱና ለሰው አስቀድሞ የተከፈለ ነው። ከዚህ የተነሣ ግንዱን በአሳይታ አድርቆና ከትክቶ፣ አልኮሉን ግን ማውጫና ቦይለር ባለበት በስኳር ፋብሪካ አጠገብ ማውጣት የተሻለ ይመስላል።

የአርብቶ አደሩ ድርሻ

ተረፈ ምርት ስንል ለማንም የማይጠቅም ማለታችን እንዳይመስል ያስፈልጋል። ለቀማው ካለቀ በኋላ የአፋር አርብቶ አደር ከብቱንና ፍየሉን ወደ ጥጡ ማሳ ያስገባል፤ መንጋው ቅጠሉንና የቀረውን ፍሬ ይበላል። በደረቅ ወራት ይህ መኖ ከብት የሚያተርፍ ነው። ነጋዴው ግንዱን መንጋው ሳይገባ ቢሰበስብ የጎረቤቱን መኖ ወሰደ ማለት ነው፤ ከዚህም ጠብ ይነሣል፤ ጠብ ባለበት ደግሞ ንግድ አይቆምም። መንጋው አስቀድሞ ገብቶ ከወጣ በኋላ የሚቀረውን እንጨት ብቻ መሰብሰብ ግን ማንንም አይጎዳም፤ እንዲያውም ቅጠል የሌለው ግንድ ለማድረቅም ለመጫንም ይቀላል። ይህ ስምምነት ከጎሳ መሪዎችና ከማሳው ባለቤት ጋር ግንዱ ከመነካቱ በፊት መደረግ ይኖርበታል። ስለ ፕሮሶፒስም እንዲሁ ነው። ዛፉ የወረሰው መሬት የግጦሽ መሬት ስለነበረ፣ ቆራጩ ሥሩን ነቅሎ ካልሄደ ጉቶው ከቀድሞው በዝቶ ያቆጠቁጣል፤ አርብቶ አደሩም ከንግዱ ምንም አይጠቀምም።

ለነጋዴው የሚበጀው

ከዚህ ሁሉ በኋላ የኛ አሳብ የሚከተለው ነው።

በመጀመሪያ፣ ኢታኖልን ከግንድ የሚያወጣ ሙሉ ፋብሪካ ለብቻው ለመትከል ማንም የግል ነጋዴ ዛሬ ገንዘቡን እንዲያስር አንመክርም። ዱፖንትን ያስቸገረ ነገር በባንክ ብድር የሚሠራውን ሰው ይጥለዋል፤ ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንደሚባለው እንዳይሆን ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፣ መነቀል፣ ማጽዳት፣ ማድረቅ፣ መከትከትና መጭመቅ ግን ግንዱ አልኮል ቢሆንም ማገዶ ቢሆንም የማይቀሩ የመጀመሪያ ደረጃዎች ናቸው። ገንዘብን በእነዚህ ላይ የሚያውል ሰው በየትኛውም መንገድ አይሳሳትም። ተጨምቆ ብሪኬት የሆነ ግንድ በአንድ ሜትር ኩብ 600 ኪሎ ግራምና ከዚያ በላይ ስለሚመዝን፣ አስቀድመን ያየነው የጭነት ችግር በእጅጉ ይቃለላል። ነገሩም አዲስ አይደለም፤ የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራምና የዓለም ባንክ በጋራ በኢትዮጵያ የእርሻ ተረፈ ምርትን በብሪኬት ስለ መጭመቅና ስለ ባጋስ ያጠኗቸውን ሁለት ጥናቶች ያወጡት እ. ኤ. አ. በ1986 ነው።

ሦስተኛ፣ ገዢውን አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። የሲሚንቶ ፋብሪካዎች የድንጋይ ከሰልን በከፊል በእርሻ ተረፈ ምርት ለመተካት ሙከራ አድርገዋል። ዳቦ ቤቶች፣ የጡብና የኖራ ምድጃዎች፣ ትልልቅ ወጥ ቤቶችም ማገዶ ገዢዎች ናቸው። የኢታኖል ገበያ ግን እየተለወጠ ነው። ኢታኖል የሚደባለቀው ከቤንዚን ጋር ሲሆን፣ መንግሥት በ2016 ዓ. ም. በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። ቦቴዎቹ በብዛት የሚያመላልሱትን ናፍጣ ደግሞ ኢታኖል በቀጥታ አይተካም። በአንጻሩ አልኮል ለመድኃኒት፣ ለንጽሕናና ለቤት ምድጃ ያለው ተፈላጊነት አይቀርም፤ በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ አልኮል እንዴት እንደ ጠፋና ዋጋው እንዴት እንደ ናረ የማያስታውስ ባለ ሱቅ የለም።

አራተኛ፣ አስመጪ የሆኑ አባሎቻችን መከትከቻና መጭመቂያ ማሽን ከማዘዛቸው በፊት ከአሳይታ ማሳ፣ ከነአፈሩና ከነልጡ የተነቀለ ጥቂት ኩንታል ግንድ ለሻጩ ልከው በዚያው ግንድ እንዲሞከርላቸው ይጠይቁ። በንጹሕ የመጋዝ ብናኝ የተሞከረ ማሽን ለጥጥ ግንድ ማስረጃ አይሆንም። የስለትና የመጭመቂያ ብሎን መለዋወጫ ለአንድ ዓመት የሚበቃ ከማሽኑ ጋር አብሮ ይታዘዝ።

አምስተኛ፣ ወደ ውጭ ላኪዎች ብሪኬት ልከው ዶላር ለማግኘት ያስቡ ይሆናል። ወደ ጅቡቲ ባዶውን የሚመለስ መኪና መኖሩ ያጓጓል። ነገር ግን ዋጋው ዝቅተኛ የሆነ ከባድ ዕቃ የወደብና የመርከብ ኪራይ አይሸከምም። በአገር ውስጥ አንድ ቶን የድንጋይ ከሰል ወይም ፈርናስ ኦይል እንዳይገባ ማድረግ ያንኑ ዶላር ያለ መርከብ ማግኘት ነው።

ስድስተኛ፣ የአሳይታ፣ የዱብቲና የሎግያ ባለ ሱቆች ብቻቸውን የማይችሉትን በኅብረት ሥራ ማኅበር ሊሠሩት ይችላሉ። አንድ መከትከቻና አንድ መጭመቂያ በአንድ የለቀማ ወቅት ከማሳ ማሳ እየተዘዋወሩ ቢሠሩ፣ በዓመቱ መጨረሻ ከሁሉ የሚበልጠውን ዕውቀት ያተርፋሉ፤ ይኸውም አንድ ቶን ንጹሕና ደረቅ ግንድ በእጃቸው ሲገባ በስንት ብር እንደቆመባቸው ነው። የኖራው ዘዴ ወይም የእንፋሎቱ አንድ ቀን ወደ ሸለቆው ቢመጣ፣ ባለ ፋብሪካው የመጀመሪያ ጥያቄው ይህ ዋጋ ይሆናል። መልሱን በደብተር ጽፎ የያዘ ነጋዴም ውሉን ይፈራረማል።